በአል-ኹባና በዙሪያዋ ለሚነዳ ሞተር ብስክሌት በገዛ እጅ የሚደረጉ ማሻሻያዎች

በጂዛን ክልል ደቡብ ምሥራቅ፣ ከየመን ድንበር አጠገብ የምትገኘው አል-ኹባ የአል-ሐርስ አውራጃ ማእከል ናት። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው ምድር እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ድረስ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ወደ ሰሜን፣ በአል-ዓሪዳ በኩል ሲታለፍ ግን የፈይፋና የበኒ ማሊክ ተራሮች ይነሣሉ። የፈይፋ ከፍተኛ ቦታዎች ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጉ ናቸው። በዚህ አካባቢ በሞተር ብስክሌት የሚጓዝ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ጥሩ አስፋልት፣ የሸለቆ አሸዋ፣ ጠጠርና ቋጥኝ የበዛበት አቀበት ያገኛል። ለሥራ ወደ እርሻና ወደ ፍየል ማሰማሪያ የሚሄደውም፣ በዓርብ ዕረፍቱ ተራራ ለማየት የሚወጣውም በአንድ መንገድ ላይ ናቸው።

ለእንዲህ ያለ መሬት የሚመረጠው በአስፋልትም በኮረኮንችም እንዲሄድ የተሠራው፣ በተለምዶ ዱዋል ስፖርት የሚባለው የሞተር ዓይነት ነው። ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ የፊት ጎማው ብዙውን ጊዜ 21 ኢንች ስለሆነ ድንጋይና ጉድጓድ በቀላሉ ይሻገራል፤ መብራት፣ መስታወትና ታርጋ ስላለው በሕጋዊ መንገድ ይነዳል። ነገር ግን ፋብሪካው ዋጋውንና ክብደቱን ለመቀነስ ሲል ብዙ ነገር ይተዋል። የሞተሩን ሆድ የሚሸፍነው ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ወይም ጨርሶ ምንም የለውም። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹ ለመጀመሪያው ውድቀት የተጋለጡ ናቸው። የቤንዚን ታንኩ ትንሽ፣ ዕቃ መጫኛው ደካማ ነው። ባለቤቶቹ በገዛ እጃቸው የሚያሟሉት ይህንን ጉድለት ነው።

ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው፣ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሰው ዓይን የሚስበውን ያስቀድማል፤ ተጨማሪ መብራት፣ ትልልቅ የአሉሚኒየም ሣጥን፣ ድምፁ የጎላ የጭስ መውጫ። መቅደም ያለበት ግን ከተበላሸ ጉዞውን እዚያው የሚያቆመውን ክፍል የሚጠብቀው ነው፤ ቀጥሎ ሞተሩን በአቧራና በውሃ ውስጥ የሚያስኬደው፣ በመጨረሻም ጭነት የሚሸከመው ይመጣል። ምክንያቱም የሚጨመር ዕቃ ሁሉ ክብደት አለው። ለምሳሌ ሱዙኪ ዲአር 650 ቤንዚንና ዘይት ሲሞላ ወደ 166 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የሆድ መከላከያ፣ የዕቃ መደርደሪያ፣ ሁለት ሣጥንና ትልቅ ታንክ ሲጨመሩበት፣ ሣጥኖቹ ገና ባዶ ሳሉ፣ 25 ኪሎ ግራም ያህል በቀላሉ ይደርሳል። በአሸዋ ላይ የወደቀን ሞተር ብቻውን በ40 ዲግሪ ሙቀት ያነሣ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ከማናቸውም ማሻሻያ በፊት የገዛ ሞተርን ድካም ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ በዓለም ዙሪያ በነጂዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 የ1987 ሞዴል ሆኖ ለገበያ ቀረበ። በሞተሩ ውስጥ የንዝረት ማመጣጠኛውን ካቴና የሚወጥር አንዲት ትንሽ የብረት ክንድና ሞላ አሉ። ክንዷ ትሰነጠቅ፣ ሞላውም ይሰበር ጀመር፤ ስብርባሪውም በሞተሩ ሆድ ውስጥ ይገባ ነበር። ባለቤቶቹ የክፍሏን ስም እንኳ በውል ስላላወቁት በእኛ አነጋገር «እንትን» እንደ ማለት ያለ ስም አወጡላት። እንትኗን አውጥቶ ጠንካራ በሆነችው መተካት የዚያ ሞተር ገዢ የመጀመሪያ ሥራ ሆነ። ፋብሪካውም በ2008 ሞዴል ክንዷን ቀየራት። በዲአር 650 ላይም እንዲሁ ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ያለውን የዜሮ ማርሽ ጠቋሚ የያዙት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች የመላላት ልማድ አላቸው፤ አንዱ ወልቆ ማርሽ ውስጥ ቢገባ ሞተሩን ሊጨርሰው ይችላል። መፍትሔው ሽፋኑን ከፍቶ ብሎኖቹን በብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ ወይም በቀጭን ሽቦ ማሰር ብቻ ነው። ከውጭ የሚታይ ለውጥ የለውም፤ ከማንኛውም መብራት ግን ይበልጣል።

በኢትዮጵያ ገጠር የኖሩ አንባቢያን ያማሃ ኤጂ የሚባለውን ሞተር ያስታውሱታል። የግብርና ባለሙያዎችና የተራድኦ ድርጅት ሠራተኞች ለረጅም ጊዜ ሲነዱት ኖረዋል። ኤጂ የሚለው ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አጥሮ የተወሰደ ነው። በ200 ሲሲው ሞዴል ላይ ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አለው፤ በጎኖቹ የመውደቂያ ብረት፣ በመሪው ላይ የእጅ መከላከያ፣ በግራም በቀኝም መቆሚያ ተሰጥቶታል። ሌሎች ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚያሟሉት ከፋብሪካው ተሠርቶ የወጣ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለበት የተቸገረ ነጂ ያንን ሞተር በዓይነ ኅሊናው ቢያየው ግማሽ መልሱን ያገኛል። ፍጥነት አልነበረውም እንጂ በጭቃና በድንጋይ መካከል ሥራውን ይሠራ ነበር።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ የመጀመሪያው የሞተሩ የሆድ መከላከያ ነው። የሞተሩ ሆድ ከአሉሚኒየም የተቀረጸ ስለሆነ ከፊት ጎማ የተፈናጠረ ድንጋይ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ዘይቱ ከፈሰሰ ደግሞ ሞተሩን ማስነሣት አይቻልም። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ላሜራ ለዚህ በቂ ነው። ብረቱ ከመቆረጡ በፊት በወፍራም ካርቶን ልኩን ማውጣት ይገባል፤ ካርቶኑ ከሻንሲው ጋር ተገጥሞ፣ ተጣጥፎ፣ ተስተካክሎ ሲያበቃ በሰናዒያ ያለው ባለሙያ በእርሱ ልክ ቆርጦ ያጥፈዋል። ላሜራው መታሰር ያለበት ከሻንሲው ጋር እንጂ ከሞተሩ አካል ጋር አይደለም፤ ካልሆነ የድንጋዩን ምት ይዞ ወደ ሞተሩ ያደርሰዋል። በመካከላቸውም የጣት ውፍረት የሚያህል ክፍተት ይተዋል። ዘይት ለመቀየር የሚያስችል ቀዳዳ፣ ጭቃና ጠጠር የሚወርድባቸው ሌሎች ትንንሽ ቀዳዳዎችም ያስፈልጋሉ። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ከሆነ የላሜራው ጎኖች ከፍ ብለው ነፋሱን እንዳይከለክሉ ጥንቃቄ ይደረግ፤ በጂዛን ሙቀት ይህ ቀልድ አይደለም።

ማሰሪያውን በተመለከተ አንድ ነገር ጠንከር ብሎ መነገር አለበት፦ በሻንሲው ላይ ብየዳ አይደረግ። የብየዳ እሳት የቱቦውን ብረት ጥንካሬ ይለውጠዋል፤ ስንጥቁም ብዙውን ጊዜ ከብየዳው ጎን ይጀምራል። በቱቦው ዙሪያ የሚታሰር የዩ ቅርጽ ያለው ብሎንና በመካከሉ የሚገባ የጎማ ቁራጭ ይበቃል፤ ሲያስፈልግም ይፈታል። በሌላ ምክንያት ብየዳ ግድ ቢሆን እንኳ ባትሪው አስቀድሞ ይለያይ፤ የቤንዚን ርጭቱን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሣጥንም ከሽቦው ይነቀል።

ሁለተኛው የእጅ መከላከያ ነው። የፕላስቲኩ ዓይነት ነፋስና ቅርንጫፍ ይከላከላል፤ ውድቀትን የሚችለው ግን በሁለት ጫፉ ከመሪው ጋር የታሰረ የአሉሚኒየም ዘንግ ያለው ነው። ከዚህ ጋር ምንም ወጪ የሌለው ዘዴ አለ። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ መያዣዎች በመሪው ላይ በጣም ጠብቀው አይታሰሩ፤ በኃይል ሲገፉ እንዲዞሩ ሆነው ይታሰሩ። ሞተሩ ሲወድቅ መያዣው ከመሰበር ይልቅ ይዞራል፤ ከዚያም በእጅ ይመለሳል። ሌላው የቆዩ ነጂዎች ዘዴ ደግሞ መለዋወጫ የፍሪሲዮን ሽቦን በሥራ ላይ ካለው ሽቦ ጎን አስቀድሞ ዘርግቶ፣ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኖ መተው ነው። የመጀመሪያው ሲበጠስ ታንክ ማውረድ ሳያስፈልግ ጫፎቹን መቀያየር ብቻ ይቀራል።

አሁን ወደ አቧራ እንምጣ። በጂዛን በተለይ ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት ወራት «ጉብራ» የሚባለው አቧራ ያዘለ ነፋስ ይነፍሳል። ዱቄት የሚመስለው ይህ አቧራ በአየር ፊልትሮው በኩል አልፎ ከገባ የፒስቶኑን ቀለበቶችና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃቸዋል። ሞተሩ ወዲያው አይቆምም፤ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ጉልበቱ ይደክማል፤ ምክንያቱ ሲታወቅ ጉዳቱ አልቋል። ስለዚህ የስፖንጅ ፊልትሮ ያለው ሰው የፊልትሮ ዘይት በእኩል ተቀብቶ፣ ትርፉ ተጨምቆ መገጠሙን ያረጋግጥ። ፊልትሮው ከሣጥኑ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ቀጭን ግራሶ ይቀባ፤ አቧራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በስፖንጁ ሳይሆን በጠርዙ ነውና። ስፖንጁን በቤንዚን ማጠብ ማጣበቂያውን ያሟሟዋል፤ ከእሳት አደጋውም በላይ ይህ ራሱ በቂ ምክንያት ነው። የተቀባ መለዋወጫ ፊልትሮ በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ቢያዝ፣ ከከባድ የአቧራ ቀን በኋላ በመንገድ ዳር በደቂቃዎች ውስጥ ይቀየራል።

ከውሃ ጋር የተያያዘው ማሻሻያ ብዙዎች የማያውቁት ነው። ካርቡሬተር ባላቸው ሞተሮች ላይ፣ ካርቡሬተሩ የሚተነፍስባቸው ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ወደ ታች ተንጠልጥለው ይታያሉ። የቱቦዎቹ ጫፍ ውሃ ውስጥ ሲገባ ካርቡሬተሩ አየር ያጣና ቤንዚን መውረዱ ይስተጓጎላል፤ ሞተሩም በውሃው መካከል ይጠፋል። መፍትሔው በቱቦው ላይ የቲ ቅርጽ ያለው ትንሽ ማገናኛ አስገብቶ ሁለተኛውን ቅርንጫፍ ከታንኩ ሥር ወደ ላይ ማውጣት ነው። የታችኛው ቢዘጋ የላይኛው ይተነፍሳል። ዋጋው ጥቂት ሪያል፣ ጊዜው ግማሽ ሰዓት ነው።

ይህ ማሻሻያ ግን በሸለቆ ውስጥ የቀረ ኩሬን ለመሻገር እንጂ ጎርፍን ለመድፈር አይደለም። በተራሮቹ ላይ የጣለ ዝናብ ከታች ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን እንደ ዋዲ ጂዛን ባሉ ሸለቆዎች ድንገት ሊወርድ ይችላል። በሳዑዲ ዓረቢያ የትራፊክ ሕግ መሠረት ሸለቆ በጎርፍ ሲወርድ መሻገር ከ5,000 እስከ 10,000 ሪያል ያስቀጣል። ከጉልበት በላይ የደረሰ የሚሮጥ ውሃ ደግሞ ሞተርንም ነጂንም ለመጎተት አቅም አለው።

በጎማ በኩል፣ ለዚህ አካባቢ ጥርሱ መካከለኛ የሆነው ይመረጣል። ጥርሰ ትልልቁ በአሸዋ ጥሩ ቢሆንም በጋለ አስፋልት ላይ በፍጥነት ያልቃል፣ በፍሬን ጊዜም ይንሸራተታል። በአስፋልት ላይ የአየሩ ልክ አምራቹ ያዘዘው ይሁን፤ ለእነዚህ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ21 እስከ 29 ፒኤስአይ ነው። በአሸዋ ላይ ወደ 15 አካባቢ ማውረድ ጎማው ሰፍቶ እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል። በድንጋይ ላይ ግን ይህንን ያህል ማውረድ የውስጥ ጎማውን በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ያስቆነጥጠዋል፤ በአንድ ምት ሁለት ቀዳዳ ማለት ነው። ስለዚህ አየር ያወረደ ሰው መልሶ የሚሞላበት ፖምፓ በእጁ ይኑር። አንድ መለዋወጫ የውስጥ ጎማ ብቻ መያዝ የሚችል የ21 ኢንቹን ይያዝ፤ በጭንቅ ጊዜ ለኋላው 17 ወይም 18 ኢንች ጎማም ታጥፎ እስከ ጎሚስታ ያደርሳል። ራጂዎቹን በትንሽ ቁልፍ ነካ ነካ እያደረጉ መስማትም ጥሩ ልማድ ነው፤ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው የተወጠረ፣ ድፍን ድምፅ የሚያሰማው የላላ ነው።

ለአቀበት ጉልበት የሚፈልግ ሰው ሞተሩን ሳይነካ የሚያገኝበት መንገድ አለ። የፊተኛውን ፒኞን በአንድ ጥርስ ማሳነስ ነው። ከ15 ጥርስ ወደ 14 ሲወርድ በኋላ ጎማ ላይ የሚደርሰው የመግፋት ኃይል ወደ 7 በመቶ ያድጋል። በአንጻሩ ቀድሞ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሚሄድበት የሞተር ዙር አሁን 93 ያህል ብቻ ይሄዳል። በረጅም አስፋልት ላይ ይህ ያሰለቻል፤ ለፈይፋ ጥምዝምዝ አቀበት ግን ተስማሚ ነው። ከፍታውም ራሱ ጉልበት እንደሚቀንስ አይዘንጋ፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጠፋል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በላይኛው ቦታ ቤንዚን ሊበዛበትና ካንዴላው ሊጠቁር ይችላል፤ ለአንድ ቀን ጉዞ ሲባል ግን ካርቡሬተሩን መፍታት አያስፈልግም፤ ስንወርድ ይስተካከላል። ቁልቁለቱ ላይ ዋናው ጉዳይ ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጣል፤ እርጥበት የያዘ ዘይት ሲግል ይፈላና መያዣው ባዶ ይሆናል። የጂዛን ባሕር ዳርቻ አየር እርጥበቱ ከፍተኛ ስለሆነ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ግዴታ ተደርጎ ይወሰድ።

ለጭነት፣ በእኛ አስተያየት ለስላሳ ቦርሳ ከብረት ሣጥን ይሻላል። በአሸዋ ላይ እግር መሬት ሲረግጥ የብረት ሣጥን ከኋላ መጥቶ ባት ላይ ሊያርፍ፣ አጥንትም ሊሰብር ይችላል። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ይታሰር፤ በኋላ ጫፍ የተከመረ ጭነት መሪውን ያቀልለዋል፣ የኋላውን ሻንሲ ብሎኖችም ይበጥሳል። ተጨማሪ ቤንዚን ከጭስ መውጫው በተቃራኒ ጎን ይሁን። ከሁሉም በፊት ግን ውሃ ይጫን።

በመብራትና በስልክ መሙያ ላይ ብዙ አንልም። የእነዚህ ሞተሮች ኃይል ማመንጫ ትንሽ ነው፤ የዲአር 650 ወደ 200 ዋት ብቻ ነው፣ ከዚያም አብዛኛውን ራሱ ይጠቀምበታል። የሚጨመረው ሁሉ በዋት ተደምሮ ይታሰብ፤ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን።

የመሣሪያ ከረጢቱን የሚወስነው ሞተሩ ነው። ከ2020 ጀምሮ በሳዑዲ ዓረቢያ በሚካሄደው ዳካር ራሊ ያለ ረዳት መካኒክ የሚወዳደሩ የሞተር ነጂዎች ምድብ አለ። ቀኑን በበረሃ ይነዳሉ፤ ማታ ዕቃቸው ካለበት አንድ ሣጥን ቁልፍ አውጥተው ሞተራቸውን ራሳቸው ይጠግናሉ። ከእነርሱ የሚወሰደው ዘዴ ቀላል ነው፦ በቤት የሚደረገውን ጥገና ሁሉ፣ ጎማ ማውለቅን ጨምሮ፣ በመንገድ በሚያዘው ከረጢት ብቻ መሥራት። የጎደለው ቁልፍ በግቢ ውስጥ ይታወቃል፤ ተርፎ የሚከብደውም እንዲሁ።

ሕጉን የሚመለከቱ ጥቂት ነጥቦች አሉ። በሳዑዲ ዓረቢያ በተሽከርካሪ አካል ወይም መሠረታዊ መሣሪያ ላይ ያለ ሕጋዊ ሂደት ለውጥ ማድረግ የትራፊክ ጥፋት ነው። የሚፈታ መከላከያና ቦርሳ ከሻንሲ መቁረጥና መበየድ ጋር አንድ አይደለም፤ ጥርጣሬ ካለ ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት የትራፊክ መሥሪያ ቤትን መጠየቅ ይሻላል። ታርጋው በቦርሳ አይሸፈን፤ መስታወት፣ ጡሩምባና የፋብሪካው መብራት በቦታቸው ይቆዩ። የራስ ቁር ግዴታ ነው። ሞተሩ የአሠሪ ከሆነ ደግሞ ለማሽከርከር በአብሽር የሚሰጠው ተፍዊድ ማሻሻያ ለማድረግ ፈቃድ አይደለም፤ ኢስቲማራው በማን ስም እንዳለ አይቶ ባለቤቱን ማስፈቀድ የኋላ ጭቅጭቅ ያስቀራል። በመጨረሻም አል-ኹባ የድንበር ከተማ መሆኗ አይረሳ። ወደ ድንበሩ የሚወስዱ የአፈር መንገዶች ማራኪ ቢመስሉም የድንበር ክልሉ ያለ ፈቃድ መግባት የተከለከለ ነው፤ አካባቢው በ2009 ጦርነት የደረሰበት ስለሆነም በሜዳ የተገኘ እንግዳ ብረት አይነካም። የጉዞው አቅጣጫ ወደ ሰሜን፣ ወደ አል-ዓሪዳና ወደ ፈይፋ ይሁን። የሳዑዲ ቀይ ጨረቃ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር 997 ሲሆን የሲቪል መከላከያ 998 ነው፤ ሁለቱም ከመነሣት በፊት በስልክ ይመዝገቡ።

ሥራው ሁሉ ሲያልቅ ወደ ሩቅ መንገድ ወዲያው አይወጣም። ሞተሩ ለጉዞው የታሰበው ጭነት በሙሉ ተጭኖበት፣ ወደ አሐድ አል-መሳሪሓ እንደሚወስደው ባለ የታወቀ መንገድ 50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር ይነዳ። ከመነሣቱ በፊት በእያንዳንዱ አዲስ ብሎን ራስና በሥሩ ባለው ብረት ላይ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመር። ከጉዞው መልስ መስመሩ በሁለቱ መካከል ከተዛነፈ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው፤ ያ ብሎን ተፈትቶ፣ ማጣበቂያ ፈሳሽ ተቀብቶ እንደገና ይታሰራል።